ሠርጉን ትቼ የስኪ ፊልም ቀራጭ ልሁን?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ስድስት ዓመት ሠርግና ክርስትና ስቀርጽ ቆይቻለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ጓደኞቼ ስኪ፣ ያው በበረዶ ላይ መንሸራተቱን፣ አስለመዱኝ፤ አሁን ሌላ ነገር አይታየኝም። እርስዎ የስኪ ፊልም እንደሚቀርጹ ሰማሁ። ኑሮው ምን ይመስላል? ሁልጊዜ መንገድ ላይ ናችሁ የሚባለው እውነት ነው? እንጀራስ ይሆናል? ሠርጉን ትቼ ልግባበት?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ሠርጉን አትተው። ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ዓመታት አትተው። እዚህ አገር የሐበሻ ሠርግ የሚበዛው ከፋሲካ በኋላ፣ በሙቀቱ ወራት ነው። ስኪ በአብዛኛው የሚቀረጸው ደግሞ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። ሁለቱ አይጋጩም። እኔ በዚህ ሥራ አሥራ አራት ክረምት አሳልፌያለሁ። ክረምት ስል የፈረንጁን ክረምት ማለቴ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰባት ዓመታት የቤት ኪራዬን የከፈለልኝ ሠርግ ነው።

ሠርግ ያስተማረህን ነገርም አታቃልለው። ቀለበቱ የሚጠለቀው አንዴ ነው። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ እናቷ የምታለቅሰው አንዴ ነው። «አልያዝኩትም፣ እስቲ ይደገም» አይባልም። ስኪም እንደዚያው ነው። አዲስ በረዶ በለበሰ ተራራ ላይ አንድ ሰው ከወረደ ዱካው ይቀራል። ሌላ በረዶ እስኪጥል ድረስ ያ ገጽ ለካሜራ አለቀለት ማለት ነው። ሰውየው ከላይ እስከ ታች የሚወርደው ደግሞ በአንድ ደቂቃ፣ አንዳንዴም በሠላሳ ሰከንድ ነው። ይህን ጫና የለመደ እጅ ካለህ ግማሹን መንገድ ጨርሰሃል።

የቀረው ግማሽ መጠበቅ ነው።

ይህን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም ነበር። ፊልሙን ሳይ ሥራው መቅረጽ ይመስለኝ ነበር። ስገባበት ግን ሥራው መጠበቅ ሆኖ አገኘሁት። አላስካን እንውሰድ። ቫልዲዝና ሄይንስ የሚባሉ የባሕር ዳር ከተሞች አሉ። ተራሮቹ ከባሕሩ ጫፍ ቀጥ ብለው ይነሣሉ። ከባሕር የሚመጣው እርጥብ አየር በረዶውን ያጣብቀዋል። ሌላ ቦታ ተንሸራትቶ የሚወርደው በረዶ እዚያ በቆመ ገደል ላይ ይለጠፋል። የዓለም ምርጥ ተንሸራታቾች በየዓመቱ ወደዚያ የሚጎርፉት ለዚህ ነው። ከቫልዲዝ በላይ ቶምፕሰን ፓስ የሚባል የመንገድ መተላለፊያ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1953 በነበረው አንድ ክረምት ብቻ ከ24 ሜትር በላይ በረዶ ወርዶበታል። የስምንት ፎቅ ሕንጻ ቁመት በለው።

እንዲህ ያለ በረዶ የሚመጣው ግን ከደመና ነው። ደመና ካለ ደግሞ ወደ ተራራው አናት የሚያወጣን ሄሊኮፕተር አይነሣም። ስለዚህ ሌሊት 11 ሰዓት ትነሣለህ። መስኮቱን ከፍተህ ታያለህ። ጭጋግ ነው። ቢሆንም ቦርሳህን ትጭናለህ፤ ባትሪዎቹን ትቆጥራለህ፤ ልብስህን ለብሰህ ትቀመጣለህ። ሦስት ሰዓት ላይ ጋይዱ «አንድ ሰዓት እንይ» ይላል። አራት ሰዓት ላይ «ሌላ አንድ ሰዓት» ይላል። ስምንት ሰዓት ላይ ቀኑ ተሰረዘ። ልብስህን ታወልቃለህ። ነገ ደግሞ እንደገና። ለሦስት ሳምንት ሄደን የቀረጽነው አራት ቀን ብቻ የሆነበት ጉዞ አለ። ሞቴሉ ውስጥ አንድ ክፍል ለሦስት ነበርን። እርጥብ ካልሲ በየማሞቂያው ላይ ተሰቅሏል። ካርታ ተጫውተን፣ ተጣልተን፣ ታርቀን፣ እንደገና ካርታ ተጫውተናል።

የመጠበቁ ክፋት መሰልቸቱ አይደለም። ክፋቱ ሰማዩ የተከፈተ ቀን ነው። ዘጠኝ ቀን የታሰረ ሰው በአሥረኛው ቀን ፀሐይ ሲያይ ልቡ ይሸፍታል። ተራራው ደግሞ በጣም አደገኛ የሚሆነው ልክ በዚያ ቀን ነው። አዲሱ በረዶ ገና አልረጋም። ከማዕበል በኋላ ያሉት የመጀመሪያ አንድ ሁለት ቀናት የበረዶ ናዳ የሚበዛባቸው ናቸው። አብዛኛው ናዳ የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብሉ ተዳፋቶች ላይ ነው። እኛ ለፊልም የምንፈልገውም ያንኑ ተዳፋት ነው።

እዚህ ላይ የካሜራው ነገር ይመጣል። በስኪ ሰዎች ዘንድ «ኮዳክ ከሬጅ»፣ የኮዳክ ድፍረት፣ የሚባል አነጋገር አለ። ኮዳክ ያው የጥንቱ የፊልም ኩባንያ ነው። ካሜራ ሲያይ በሰው ላይ የሚመጣውን ድፍረት ነው እንዲህ ያሉት። ማንም ሳያየው የማይዘልለውን ገደል፣ ሌንስ ሲነጣጠርበት ይዘልለዋል። ይህን አንተም በሠርግ አይተኸዋል። ካሜራው ሲዞር ነው እስክስታው የሚደምቀው። እዚያ ግን የሚከፈለው ዋጋ ትከሻ ላይ ድካም ብቻ ነው።

አንድ ዓመት፣ ከእንዲህ ያለ ረጅም ጥበቃ በኋላ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ከላይ ሸንተረሩ ላይ ቆሞ ነበር። እኔ ከማዶ በረጅሙ ሌንስ ይዤዋለሁ። በሬዲዮ «እንዴት ይታያል?» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ጥርጣሬ ነበረ። እኔ ግን በጠዋቱ ብርሃን ሰክሬ ነበር። «በጣም ያምራል» አልኩት። ወረደ። በሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ገጹ ከበላዩ ተሰንጥቆ ተነሣ። ልጁ ወደ ጎን አምልጦ ከአንድ የድንጋይ ትከሻ ላይ ወጣ፤ አልተቀበረም። ምሽቱን አጠገቤ ተቀምጦ ምን አለኝ መሰለህ? «ልመለስ ነበር። አንተ ያምራል ስትለኝ ነው የወረድኩት።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ከመውረዱ በፊት «ያምራል» የሚለውን ቃል በሬዲዮ አልናገርም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ «ካሜራው ዝግጁ ነው። አልቸኩልም። ብትመለስም ደስ ይለኛል።» ይህን በደንብ ያዝ። ቦርሳህ ውስጥ ካለው ሁሉ የሚከብደው ካሜራህ ነው፤ ሰው ላይ ይጫናል። ጎበዝ ቀራጭ ማለት ያንን ክብደት የሚያውቅ ነው። «ዛሬ ይቅር» ማለት የማትችል ከሆነ ወደዚህ ሥራ አትምጣ። ከልቤ ነው የምልህ። ሼን ማኮንኪን የመሰለ ተንሸራታች እንኳ፣ በዘመኑ ከሁሉም በላይ የነበረ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2009 ጣሊያን ዶሎማይት ተራሮች ላይ ለፊልም ሲቀረጽ ነው የሞተው። ፓራሹት ይዞ ከገደል በስኪ ዘለለ፤ በአየር ላይ መውለቅ የነበረበት ስኪ በጊዜ አልወለቀለትም። በሙያችን ያን ቀን የማያስታውስ የለም።

ወደ መንገዱ ልመለስ። አዎ፣ እውነት ነው፣ መንገድ ላይ ነን። ሙያው ከጅምሩ የመንገድ ሙያ ነው። ዋረን ሚለር የሚባል ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በ93 ዓመቱ አረፈ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1946ቱ ክረምት፣ ከጓደኛው ጋር አይዳሆ ሰን ቫሊ ሄደ። መኪና ማቆሚያው ላይ በትንሽ ተጎታች ቤት ውስጥ ኖሩ። ከምግብ ቤት በነጻ የሚገኘውን ኬቻፕ በሙቅ ውሃ በጥብጠው ሾርባ ያደርጉት ነበር። በትንሽ ካሜራ እርስ በርስ ተቀራረጹ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ፊልሙን ተሸክሞ ከከተማ ከተማ እየዞረ፣ መድረክ ላይ ቆሞ በራሱ አንደበት እየተረከ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1995 ጃክሰን ሆል፣ ዋዮሚንግ ላይ ቴቶን ግራቪቲ ሪሰርች የተባለውን የስኪ ፊልም ኩባንያ የመሠረቱት ልጆችም የካሜራ ገንዘባቸውን ያገኙት አላስካ ዓሣ በማጥመድ ነው። ካንተ ሰፈር አራት ሰዓት ያህል ነድተህ የምትደርስበት ክሬስትድ ቢዩት ደግሞ ሌላው የስኪ ፊልም ኩባንያ፣ ማችስቲክ ፕሮዳክሽንስ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የተነሣበት ነው። ትልቅ ስቱዲዮ ቁጭ ብሎ አልጠበቃቸውም።

የእኔ ዓመት ይህን ይመስላል። ታኅሣሥ እዚሁ ኮሎራዶና ዩታ ነኝ። ጥር ላይ ጃፓን፣ ሆካይዶ። ከሳይቤሪያ የሚነሣው ቀዝቃዛ ነፋስ የጃፓንን ባሕር ሲሻገር እርጥበት ይሸከማል። ደሴቱ ላይ ሲደርስ ያን ሁሉ በረዶ አድርጎ ይጥለዋል። ዱቄት ነው፤ ፓውደር የሚሉት እውነተኛው እሱ ነው። ፀሐይ ግን ብርቅ ናት። ሰማይና መሬት አንድ ነጭ ይሆኑብሃል፤ ጉብታው ከጉድጓዱ አይለይም። ስለዚህ ጫካ ውስጥ እንቀርጻለን። የዛፎቹ ጥቁር ግንድ ለዓይን መያዣ ይሰጣል። የካቲት ካናዳ፣ ሬቭልስቶክ። መጋቢትና ሚያዝያ አላስካ። ከዚያ ኤዲቲንግ ላይ እንቀመጣለን። በሐምሌ ወደ ቺሊ ወይም ኒው ዚላንድ የሚሄዱ አሉ፤ እዚያ ያኔ ክረምት ነው። ፊልሙ በመስከረምና በጥቅምት ይወጣል። ከዚያ ያው ይጀመራል።

የወረቀት ነገር ለእኛ ሰው ከሌላው ይከብዳል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘህ በግሪን ካርድ የምትኖር ከሆነ ለካናዳ ቪዛ አትጠየቅም፤ ፓስፖርትህና ግሪን ካርድህ ይበቃል። ለጃፓንና ለአውሮፓ ግን ቪዛ ያስፈልግሃል። የፊልም ቡድን ደግሞ «በረዶ ጥሏል፣ ከነገ ወዲያ እንብረር» ብሎ ነው የሚነሣው። እኔ ዜግነት እስካገኝ ድረስ ሁለት ጊዜ ቪዛ ዘግይቶብኝ ቀርቻለሁ። ስለዚህ ቪዛውን በመስከረም ጀምር። የካሜራ ዕቃህም የራሱ ፓስፖርት አለው፤ ካርኔ ይባላል። እያንዳንዱ ሌንስ ከነቁጥሩ ይጻፍበታል፤ ስትገባም ስትወጣም ጉምሩክ ማኅተም ይመታበታል። ማኅተሙን ረስተህ አትለፍ፤ ዕቃውን እዚያው እንደሸጥከው ተቆጥሮ ቀረጥ ልትጠየቅ ትችላለህ።

ምግብን አልጠየቅከኝም። ግን ልንገርህ፤ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። የአላስካው ወቅት ሁዳዴ ላይ ይወድቃል። ሞቴሉ ቁርስ የሚያቀርበው እንቁላልና ቤከን ነው። እኔ በሶና ሽሮ ይዤ እሄዳለሁ። በሶ ለድሮ ዘማች ስንቅ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሙቅ ውሃ ካለ ምግብ አለ። ኪሴ ውስጥ ደግሞ ቆሎ አይጠፋም። ጓደኞቼ የሚይዙት ጣፋጭ ባር ብርዱ ውስጥ እንደ ድንጋይ ይጠጥርና ጥርስ ይሰብራል። ቆሎ ግን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪም ቢሆን ያው ቆሎ ነው። አሁን ቡድኑ በሙሉ ከመነሣታችን በፊት «ቆሎው አለ?» ብሎ ይጠይቀኛል።

የቀረጻውን ነገር በአጭሩ። ብርድ ባትሪ ይበላል። ትርፍ ባትሪዎችህን ሰውነትህ አጠገብ ባለው የውስጥ ኪስ ያዝ። ማታ ካሜራውን በቀጥታ ወደ ሞቀ ክፍል አታስገባ፤ ሌንሱ ውስጥ ጤዛ ይይዛል። ውጭ ሳለህ በፕላስቲክ ከረጢት አሽገህ አስገባውና ቀስ ብሎ ይሙቅ። ካሜራው በራሱ ፈቃድ በረዶውን ግራጫ ያደርግብሃል። ብርሃኑን ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ ክፈትለት፤ ግን ሂስቶግራሙን፣ የብርሃኑን ሥዕላዊ መለኪያ፣ እያየህ፤ ነጩ ከተቃጠለ አይመለስም። ካሜራ ተራራን ያስተኛል፤ 45 ዲግሪው ሜዳ መስሎ ይወጣል። ቁልቁለቱ እንዲታይ ከፈለግህ ከማዶ፣ ከገጹ ፊት ለፊት ቁም። ትራይፖድህን አጋድመህ አታጭበርብር። የሚያውቅ ሰው በአንድ እይታ ይለየዋል፤ ተንሸራታቹም ያፍርብሃል።

የሬዲዮ ቋንቋ ደግሞ የራሱ ትምህርት ነው። ተንሸራታቹ ከላይ ሆኖ የሚወርድበትን አያየውም፤ ገጹ ከእግሩ በታች ታጥፎ ይሰወራል። የአንተ ዓይን ነው ዓይኑ። አስቀድመህ ከማዶ ፎቶ አንስተህ ታሳየዋለህ። ከዚያ በሬዲዮ ትመራዋለህ። እዚህ ላይ ቀኝና ግራ ሰው ይገድላል። ያንተ ቀኝ የእሱ ግራ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ በወራጁ ቀኝ፣ በወራጁ ግራ ነው የሚባለው። እሱ «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» ብሎ «ድሮፒንግ»፣ ወረድኩ፣ ይላል። ከዚያ በኋላ ሬዲዮውን ማንም አይነካም።

እኔ ራሴ ያጠፋሁትን ልንገርህና ተማርበት። ድርብ ጓንት አድርጌ የመቅረጫውን ቁልፍ ሁለቴ ጫንኩት። በአንዱ ተነሣ፣ በሁለተኛው ቆመ። ሰውየው ሁለት ሰዓት በእግሩ ወጥቶ ነበር። አወራረዱ በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ የላቀ ነበር። ሲጨርስ ላቆም ብዬ ስጫን ያኔ መቅረጽ ጀመረ። ካርዱ ላይ የቀረው የቦት ጫማዬ ምስል ነው። ታች ወርጄ ፊት ለፊት ነገርኩት። ዝም አለ፤ ከዚያ አቀፈኝ። ያን እቅፍ እስካሁን አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ቀዩን ምልክት በዓይኔ አይቼ፣ በአፌም «እየቀረጸ ነው» ብዬ ነው በሬዲዮ የማሳውቀው። ካላልኩ ማንም አይወርድም።

ድሮንን በተመለከተ፣ ዛሬ የማይቀር ነገር ነው፤ ተማረው። እዚህ አገር ለገቢ የምታበር ከሆነ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍ ኤ ኤ) የክፍል 107 ፈቃድ ያስፈልግሃል። ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ክልክል ነው።

እንጀራ ይሆናል ወይ ላልከው፣ ይሆናል፤ ግን ቀጭን ነው። ክፍያው በቀን ነው። ገንዘቡ የሚመጣው በአብዛኛው ከስኪና ልብስ አምራቾች፣ ከመጠጥ ኩባንያዎችና ከቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች ነው። እነሱ በጠበበባቸው ዓመት አንተም ይጠብብሃል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እመክርሃለሁ፤ የጥበቃ ቀን ውሉ ላይ ይጻፍ። እኔ በጀማሪነቴ አንድ አሠሪ ሦስት ሳምንት አቆይቶኝ የከፈለኝ የቀረጽንባቸውን አራት ቀናት ብቻ ነው። ውላችን የቃል ነበር፤ የምከራከርበት አልነበረኝም። አሁን ጉዞም ጥበቃም ቢያንስ በግማሽ ክፍያ ካልተጻፈ ሻንጣዬን አላነሣም። መጠበቅ ሥራ ነው፤ እንደ ሥራ ይከፈል።

ደግሞ «ሐበሻ በበረዶ ምን አገባው» የሚልህ አይጠፋም። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በክረምት ኦሊምፒክ ተወዳድሯል። በሩ ከተከፈተ ቆይቷል።

እንግዲህ በዚህ ክረምት ምን ታደርጋለህ? የስኪ ችሎታህን አሳድግ። ሃያ ኪሎ ቦርሳ ተሸክመህ በማንኛውም በረዶ ሳትወድቅ መውረድ አለብህ፤ በሁለት ዓመት አይመጣም። እስከዚያ በስኪ መናፈሻው ውስጥ፣ ዝላይ የሚለማመዱ ልጆችን ቅረጽ። ነጻ ሥራላቸው። ነገ ስፖንሰር የሚያገኙት እነሱ ናቸው፤ ማን እንደቀረጻቸው አይረሱም። ከተከለለው ስፍራ ውጭ ግን የናዳ ኮርስ ሳትወስድ አንድ እርምጃ አትሂድ። የመጀመሪያው ደረጃ ሦስት ቀን ነው። ኮሎራዶ በተለይ ክፉ ነች። የታችኛው የበረዶ ሽፋን ስኳር የመሰለ ደካማ ሆኖ ለሳምንታት ይቆያል፤ ላዩ ጠንካራ መስሎ ያታልላል። የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከል በየቀኑ ትንበያ ያወጣል። ጠዋት ከቡናህ በፊት አንብበው።

አዲስ ሌንስ ለመግዛት እያጠራቀምክ ከሆነ አቁም። መጀመሪያ ቢከን (በናዳ የተቀበረን ሰው ለማግኘት ምልክት የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ)፣ ተጣጣፊ የመፈለጊያ ዘንግና አካፋ ግዛ። በናዳ የተቀበረ ሰው የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ነው፤ ከዚያ ቁልቁል ይወርዳል። የሚያወጣው አጠገቡ ያለው ሰው ነው፤ እሱም አንተ ልትሆን ትችላለህ። ቢከኑ ሦስት አንቴና ያለው ይሁን። ለእኛ ለቀራጮች ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ። ካሜራ፣ ስልክ፣ ሬዲዮና በባትሪ የሚሞቅ ጓንት የቢከኑን ምልክት ይረብሻሉ። ቢከኑ ደረትህ ላይ ሳለ ሁሉም ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር ይራቁት። ሰው መፈለግ ስትጀምር ደግሞ 50 ሴንቲሜትር። ስለዚህ ያኔ መጀመሪያ የምታደርገው ካሜራውን አውልቀህ በረዶው ላይ መጣል ነው። ይህን ቤትህ ውስጥ፣ ጓንትህን እንዳደረግህ፣ ደጋግመህ ተለማመደው።